ሰም ያልበላ ክር

ከተማን ከተማ የሚያደርገው መብራትና አስፋልት ነው የሚል ሰው ከተማ ኖሮ አያውቅም። ከተማን ከተማ የሚያደርገው አንድ የማይቻል ሰው ነው። የትም አገር አለ። ሰላም ሊልህ መጥቶ እጅህን ሳይሆን እጅጌህን ይይዛል፤ ይገለብጠዋል፤ ስፌቱን ያያል፤ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንተ ስለ ልጆችህ ጤና ትነግረዋለህ፤ እሱ ለሸሚዝህ ያዝናል።

በበደሌም አንድ አለ ይባላል፤ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይም አንድ እንዳለ ሰምቻለሁ። የመቱውን የሚያህል ግን የለም። ክቡርነታቸው ጋሼ ሞሲሳ ይባላሉ፤ የኢሉባቦር የውስጥ ስፌት ጠቅላይ ተመልካች፣ የክር ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የፖሊስተር የመጨረሻው ጠላት። ሹመቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በዚህ አገር ለማይረባው ሁሉ ሹመት ሲታደል ዝም ካላችሁ፣ እኔ አንድ ሰው ብሾም ምን ይጎረብጣችኋል?

ጋሼ ሞሲሳ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪና አላቸው፤ መነጽራቸውንና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያስቀምጡበታል። የሚሰፉት በእጅ ነው፤ ያውም የድሮ ልብስ ብቻ፤ እጀ ጠባብ፣ ተነፋነፍ ሱሪ፣ ካባ፣ በርኖስ። እንዲህ ዓይነት ልብስ የሚለብስ ሰው ስለሌለ ደንበኛ የላቸውም። ደንበኛ ስለሌላቸው ጊዜ አላቸው። ጊዜ ስላላቸው የሰው ልብስ ይገለብጣሉ። በምን እንደሚኖሩ አትጠይቁኝ፤ ጓሯቸው ውስጥ ትንሽ ቡና አለች፤ እሷ ታኖራቸዋለች።

ከአፋቸው የማይለይ ሁለት አባባል አለ። አንዱ “ሂንታኡ” ነው። በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ግን የሰበር ችሎት ውሳኔ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ሌላው ደግሞ “ሰም ያልበላ ክር ክር አይደለም፣ ሐሜት ነው፤ ሲጎትቱት ይበጠሳል” የሚለው ነው። ሰም ሲባል ቅኔ የሚመጣባችሁ ሰዎች ተረጋጉ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያለው ሰም ንብ የሠራችው ሰም ነው።

ነገሩ የጀመረው ጎሬ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው። አንድ አዛውንት አርፈው ከመቱ በሚኒባስ ተጭነን ሄድን። የሟቹ አባት ይለብሱት የነበረ ካባ ከፎቶግራፋቸው አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጋሼ ሞሲሳ ገና ከበር ካባውን አዩና ቀጥ ብለው ሄዱ። ሰው ሁሉ “ምን ያህል ቢወዷቸው ነው!” ብሎ ለቅሶውን አጠነከረው። እሳቸው የካባውን ጫፍ ገለበጡ፤ አንዲት ክር በጥርሳቸው መዘዙ፤ አኘኳት፤ ከዚያ በዚያ ሁሉ ዋይታ መሃል ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ጮኹ።

“የተልባ እግር ነው! ሰምም በልቷል! ዱጋ፣ እውነት ነው!”

የሟቹን ልጆች እንዴት አድርገን እንዳበረድናቸው እግዚአብሔር ያውቃል። ጋሼ ሞሲሳ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሚኒባሱ ውስጥ እስከ መቱ ድረስ ሲሰብኩን መጡ። ያ ክር በባሮ በመርከብ ጋምቤላ ደርሶ፣ ከጋምቤላ በበቅሎ ጎሬ ወጥቶ፣ የግሪክ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ተሸጦ፣ ይኸው ሰፊውም ለባሹም አፈር ሆነው እሱ ስፌቱን እንደያዘ አለ። “የዛሬው ክር ከሰፊው በፊት ነው የሚሞተው!” አሉ፤ የሹፌሩን አንገትጌ ከኋላ እየገለበጡ። ሹፌሩ ቁልቁለት ላይ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲያ የጥጥ ክር መንካት ተዉ። የተልባ እግር ክር ደግሞ መቱ ገበያ ማን ይሸጣል? ተልባን ሁላችንም ጠጥተነዋል፤ እግሩን ግን ማን አየው? መጽሐፍ ላይ ስናነብ እንኳ አንድ ነገር ነው ብለን እናልፋለን። ጋሼ ሞሲሳ አላለፉም። ኡካ ዙሪያ ተልባ ወደሚዘሩ ገበሬዎች ሄዱ፤ ዘሩን አራግፈው ለባለቤቱ አስረከቡና አገዳውን ታቅፈው መጡ። ገበሬዎቹ “መራታ!” ብለው ሳቁባቸው፤ እብድ ማለታቸው ነው። አገዳው ቃጫውን እንዲለቅ መበስበስ አለበት፤ ስለዚህ ጓሯቸው ካለች የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ዘፈዘፉት።

ሰፈሩ የሞተ ውሻ ፍለጋ ወጣ። እኔ አጥር የምጋራቸው ጎረቤት ነኝ፤ አፍንጫዬን ይዤ ገባሁ።

“ጋሼ፣ ጓሮዎ ውስጥ የሞተ ነገር አለ!”

“ያ ጉርባ፣ የሚሸትህ ልብስ ነው።” ያ ጉርባ ማለት አንተ ልጅ ማለት ነው። አርባ አምስት ዓመት አልፎኛል።

“ልብስ እንዲህ ይገማል እንዴ?”

“ሲወለድ የማይሸት ማን አለ? አንተ ስትወለድ ሽቶ ተቀብተህ ነበር?”

የበሰበሰውን በእንጨት ቀጥቅጠው፣ በሚስማር አበጥረው፣ በእንዝርት ይፈትሉታል። ከዚያ ሰም ያበሉታል። የሰሙን ድቡልቡል በግራ እጃቸው ይይዛሉ፤ ክሩን በአውራ ጣታቸው ሰሙ ላይ ይጫኑና ይጎትቱታል፤ ሲጢጥ ይላል። ደጋግመው ይጎትቱታል። ቀጥሎ በቁራጭ ጨርቅ ይዘው ቶሎ ቶሎ ያሹታል፤ እንዲሞቅና ሰሙ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ። ክሩ እንደ ሽቦ ቀጥ ይላል፤ አይተበተብም፤ አይፈርስም፤ ዓመቱን ሙሉ ሊሆን ምንም ያልቀረው የመቱ ዝናብም አያበሰብሰውም። አውራ ጣታቸው ላይ ክሩ ያረሰው ቦይ አለ፤ ባቄላ ይተከልበታል።

ጣጣው ያለው ሰሙ ላይ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ሰም ሞራና የሻማ ቁራጭ ይቀላቀልበታል። ጋሼ ሞሲሳ አንዴ አኝከው “ሂንታኡ” ብለው ተፉት፤ የነጋዴው ጫማ ላይ። ያልተበረዘ ሰም ያለው እትዬ ዘቢደር ጠጅ ቤት ነው። ጠጅ ሲጣል ከጋኑ አፍ ላይ ሰፈፉ ይገፈፋል፤ ያ ሰፈፍ ታጥቦ፣ ፈልቶ፣ በጨርቅ ሲጣራ ደህና ቢጫ ሰም ይወጣዋል።

ጋሼ ሞሲሳ ደግሞ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። በዕድሜያቸው ጠጅ ቀምሰው አያውቁም። ግን ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ክራቫታቸውን አስረው፣ ባልዲ አንጠልጥለው፣ አገር እያየ ጠጅ ቤት ይገባሉ።

“ኧረ ጋሼ፣ በጓሮ በር ይግቡ፤ ሰው ምን ይላል?” ይሏቸዋል እትዬ ዘቢደር።

“ሰርቄያለሁ እንዴ በጓሮ የምገባው?”

“እሺ እያኘኩ አይውጡ! ጉንጭዎ አብጦ ያየዎት ሰው ምን ይበል?”

“ሳላኝክ በምን ልወቀው? በአዋጅ?”

በማሽተት እንዳያውቁት አፍንጫቸው ሞቷል፤ የተልባው ግማት የገደለው ይመስለኛል። ሰፈፉንም ከአንዴ በላይ አያፈሉትም። “ሁለቴ የፈላ ሰም ይሰነጠቃል” ይላሉ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ስትከራከራቸው ደግሞ ኮሌታህን ይይዛሉ።

እንዲህ እያለ ሳለ ቤተ ክርስቲያናቸው የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ተነሣ። መዘምራኑን የምትመራው ጃለኔ፣ ወንጌሉን መጀመሪያ ወደዚህ አገር ይዘው የመጡትን ሰዎች የሚያሳይ ድራማ አዘጋጀች። ጃለኔ እንደ እኔ ቶሎ የምትበሳጭ ልጅ ናት፤ ምክንያት አላት። በየበዓሉ የምናየውን ታውቃላችሁ። “የአያቶቻችን ልብስ” ተብሎ ከውጭ በጥቅል የመጣ፣ ጥለቱ የታተመበት ጨርቅ ይለበሳል፤ ዝናብ ሲነካው ቀለሙ በአንገት ላይ ይወርዳል። አያቶቻችን በፌስታል ታሽገው የኖሩ ይመስል! የሚያፍር የለም። ፎቶ ይነሡበታል፣ ስልክ ላይ ይለጥፉታል፣ “ታሪካችን” ይሉታል፤ ክብሪት ቢነካው እንደ ፕላስቲክ ጀሪካን የሚንጠባጠብ ታሪክ።

ጃለኔ ጋሼ ሞሲሳ ቤት ሄዳ “ጋሼ፣ የእውነቱን ይስፉልን” አለቻቸው። ከስንት ዘመን በኋላ የመጣች ደንበኛ ናት። ሽማግሌው እንባቸው እንዳይታይ ጎንበስ ብለው እጅጌዋን ገለበጡ።

ክረምቱን በሙሉ ሰፉ። ጠጅ ቤቱም ክረምቱን በሙሉ ተጎበኘ።

የመጨረሻው ልምምድ ዕለት አዳራሹ ሞላ። እኔ፣ ስብከት ሲረዝም ከመሃል ተነሥቼ “ይብቃን” በማለቴ ከአገልግሎት ከታገድኩ ቆይቷል፤ ልምምድ ማየት ግን አልተከለከልኩም። መዘምራኑ በበርኖስና በእጀ ጠባብ ሆነው ሲገቡ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ልብሱ ልብስ ነበር። ትከሻቸው ላይ ተቀምጦ፣ ወርዶ፣ ሲራመዱ አብሮ ይራመዳል። አንዲት እናት አባቷን ያየች መስሏት ከወንበሯ ተነሣች።

ከዚያ ሞቃቸው። ቆርቆሮ ጣራ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል የምትወጣዋ የምታቃጥል ፀሐይ፣ ወፍራም ሱፍ። ክሩ ላብ ነካው። ከዚያ ሸተተ።

መጀመሪያ ማንም አልተናገረም። ጠጅ መሆኑን ማወቅ ራሱ ያስጠይቃላ! ሰው ሁሉ የማያውቀው ሽታ እንደሆነ ሁሉ ግንባሩን ቋጠረ። በመጨረሻ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወንድም ደቅሲሳ ከፊት ወንበር ተነሣ።

“ማነው ጠጥቶ የመጣው?”

መዘምራኑን አሰለፈና ትንፋሻቸውን አንድ በአንድ ማሽተት ጀመረ።

“ሃ በል።”

“ሃ።”

“እለፍ። አንቺስ?”

“ሃ።”

“ሽንኩርት ነው፤ እለፊ።”

ሰልፉ ጫፍ ደርሶ የአንዱ ልጅ እጅጌ አፍንጫው ላይ አረፈ። ደቅሲሳ ደረቀ። ስፌቱን ጠጋ ብሎ አሸተተ፤ ደገመ።

“ክሩ ነው! ልብሱ ነው የጠጣው!”

“ታዲያ ልብሱን አግዱታ!” አልኩ ከኋላ። ሰው ሳቀ፤ ነገሩን አባባስኩት።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ያየ ሁሉ አፉን ከፈተ። ባልዲውን ያየ፣ ክራቫቱን ያየ፣ ያበጠውን ጉንጭ ያየ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከሰዓት ተሰበሰቡ፤ ጋሼ ሞሲሳም ቀረቡ። እኔ በጎረቤትነቴ ለምስክርነት ተጠራሁ፤ ጃለኔም ለልብሱ ልትማጸን መጣች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቀልዱ ይቆየን። በዚያ ቤተ ክርስቲያን የጌታ እራት ሲሆን የእንጀራውን ትሪ ይዘው በየረድፉ የሚያዞሩት ጋሼ ሞሲሳ ናቸው። ጺማቸው ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ። ሚስታቸው በሕይወት ሳለች መጨረሻው ረድፍ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ትሪው እሷ ጋ ሲደርስ የሚቆም ይመስላቸው እንደነበር አንዴ ነግረውኛል። ከሽምግልናው ከወረዱ ትሪው ይሄዳል። ክር ይዘው የሚያሳዩት ድፍረት ሁሉ በዚያ ቀን ፊታቸው ላይ አልነበረም።

“ወንድም፣ አንተ ጎረቤት ነህ” አለኝ ደቅሲሳ። “ሲጠጡ አይተሃል?”

“ሲተፉ አይቻለሁ።”

“ከምን በኋላ?”

“ካኘኩ በኋላ።”

“ያኘከ ቀምሷል!”

“የዋጠ እንጂ ያኘከማ…” ብሎ አንዱ ሽማግሌ ጀመረ። ሌላው “ምራቅስ?” አለ። ጉባኤው ጥርስና ጉሮሮ መሃል ለረጅም ጊዜ ተቀርቅሮ ቀረ። ሰው በዚህ አገር ስንት ነገር እየዋጠ ማንም ሳይጠይቀው እየኖረ፣ የተፋ ሰው ይከሰሳል!

ደቅሲሳ ሌላ ክስ አወጣ። “ደግሞ የኦሪት ሕግ ሱፍና የተልባ እግር ቀላቅላችሁ አትልበሱ ይላል። በርኖሱ ሱፍ ነው፤ ክሩ የተልባ እግር ነው።”

ጋሼ ሞሲሳ ከወንበራቸው ተነሡ። ቀስ ብለው ወደ ደቅሲሳ ሄዱ። ይቅርታ ሊጠይቁ ነው ብለን ተነፈስን። እጃቸውን ዘረጉ፤ የደቅሲሳን የኮት ደረት ያዙና ገለበጡት።

“ይሄስ? ግማሹ ሱፍ፣ ግማሹ ፕላስቲክ። ፕላስቲኩን ማን ፈቀደልህ? ክሩንም እየው። ሂንታኡ።” ተንጠልጥላ የነበረች ክር ሳብ አደረጉ። የኮቱ ቁልፍ ወደቀች፤ ተንከባለለች፤ ጃለኔ እግር ሥር ሄዳ ቆመች።

ጃለኔ ሳቋን ለመዋጥ ጣራውን አየች። እኔ አልዋጥኩም። ደቅሲሳ በርበሬ መሰለ።

“በቃ! ወይ ጠጅ ቤቱን ይተዉ፣ ወይ ሽምግልናውን ይልቀቁ። አሁን፣ እዚሁ። ጠጅ ቤቱን ካልተዉ ልብሱም በበዓሉ አይለበስም።”

ጋሼ ሞሲሳ የአውራ ጣታቸውን ቦይ በሌላው ጣታቸው እየዳበሱ ቆሙ። ቁርጥራጭ ሰም ቢቀር፣ ክሩ ቢቀር፣ ጥጥ ቢሰፉ ምን ነበረበት? ግን በሰም ያላለፈ ክር ሰው ላይ ሰፍቶ መላክ ለእሳቸው ውሸት መናገር ነው። የሚዋሽ ሰው ደግሞ ትሪ አይይዝም።

“ልጆቹ ልብሱን ይልበሱ” አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ወርዶ። “የሽምግልናውን ወንበር እኔ…”

“ሰሙን እኔ አመጣለታለሁ!” ብዬ ጮኽኩ። ተናድጄ ነበር፤ አንቱታውም ጠፋኝ። “ምን ያለ ጉባኤ ነው ይሄ! እኔ ታግጃለሁ፤ የሚበላሽ ስም የለኝም። ባልዲውን ይስጡኝና እኔ ልግባ፤ እኔ ላኝክ። ጋሼም ትሪያቸውን ይያዙ።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐሳቡ እንዴት እስካሁን አልመጣልንም የሚል ዓይነት መተያየት ነበር። ደቅሲሳ እንኳ ደረቱን በእጁ እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ። ያልተስማማ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

“ሂንታኡ” አሉ ጋሼ ሞሲሳ። “ሰፈፍ ያውቃል እሱ?”

“አላውቅም።”

“የላዩንና የሥሩን ትለያለህ?”

“አልለይም።”

“ታኝካለህ?”

“አኝካለሁ።”

“ትውጣለህ?”

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ላድናቸው የተነሣሁት ሰውዬ በሽማግሌዎች ፊት እያዋረዱኝ ነበር። ጃለኔ ጎንበስ ብላ ቁልፏን አነሣችና መሐረቧ ላይ አድርጋ አቀረበችላቸው። “ማሎ ጋሼ” አለች፤ እባክዎ ስትል ነው። “ይተዉት ይሂድ። እርስዎ ያስተምሩታል።”

ቁልፏን አዩ። እኔን አዩኝ፤ ከእግር እስከ ራስ፣ እንደ ረከሰ ጣቃ። ከዚያ ሰውነታቸው ሁሉ እየታገላቸው “ቶሌ” አሉ። እሺ ማለታቸው ነበር። በአጥር ተዋስነን ስንኖር ያቺን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

ደቅሲሳ አንድ ቅድመ ሁኔታ ጨመረ፤ ሰሙ ሽታው እስኪጠፋ ይፈላል፤ አሽቶ የሚያጸድቀውም እሱ ራሱ ነው። ሁለቴ የፈላው ሰም አልተሰነጠቀም። ጋሼ ሞሲሳ እስካሁን ተሰንጥቋል ይላሉ፤ ስንጥቁን ግን ከእሳቸው በቀር ያየው የለም። የተሰፉት ልብሶች ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ላይ ነፋስ ሲመታቸው ሰነበቱ፤ በበዓሉ ቀን የሸተተ ነገር ቢኖር የሰው ላብ ነው። ድራማውን ጋሼ ሞሲሳ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው አዩ፤ ማለት የብብት ስፌቱን አዩ። በማግሥቱ እሑድ ትሪውን ይዘው በየረድፉ ዞሩ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። መጨረሻው ረድፍ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ከዚያ ቀጠሉ።

እኔ ደግሞ ይኸው ሐሙስ ሐሙስ ባልዲ ተሸክሜ እሄዳለሁ። እትዬ ዘቢደር ገና ሲያዩኝ ይስቃሉ። “መጣህ የሰሙ አምባሳደር? ቁጭ በልና አንድ ብርሌ ያዝ።” ሥራ ላይ ነኝ እላለሁ። ጭቃውን ረግጬ እመለሳለሁ። ጋሼ ሞሲሳ መነጽራቸውን ይሰኩና እፍኝ ሰፈፍ አፋቸው ውስጥ ይከታሉ፤ ያኝካሉ፤ ይተፋሉ። “ይሄ የላዩ ነው። ያ ጉርባ፣ ጥርስ የሰጠህ ለጌጥ ነው? ሂድና የመሃሉን አምጣ።” እሳደባለሁ፤ አጥሩን እመታለሁ፤ እኔን የሚያህል ሰው እንደ አሽከር ይላካል እላለሁ። ከዚያ ባልዲውን አንሥቼ በዝናብ እሄዳለሁ። የመሃሉን አሁን ከላዩ እለየዋለሁ፤ የመሃሉ ጥርስ ላይ አይጣበቅም። እንዳወቅሁት ግን አልነግራቸውም፤ የላዩን እያስቀደምኩ አመጣላቸዋለሁ። ካልተቆጡ ቀናቸው አይነጋም።

ባለፈው ሰሞን ወንድም ደቅሲሳ መንገድ ላይ አስቆመኝ። “ለጋሼ ንገርልን” አለ። “ሽማግሌዎቹ ተነጋግረናል። አገሩ ሁሉ ነገሩን አውቆታል፤ ከእንግዲህ ራሳቸው ሄደው ቢያመጡ ማንም ምንም አይላቸውም። አንተም ታርፋለህ።”

“እነግራቸዋለሁ” አልኩት።

አልነገርኳቸውም። ጋሼ ሞሲሳ ጋዜጣ በራሳቸው አያነቡም፤ “ለመርፌ የተሰጠ ዓይን በወሬ አይባክንም” ይላሉ፤ ሰው ነው የሚያነብላቸው። ይህን የምታነቡላቸው ሰዎች፣ ሹመታቸውን አንብቡላቸው፣ የሹፌሩን አንገትጌ አንብቡላቸው፣ የደቅሲሳን ቁልፍም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። የመሃሉን ከላዩ መለየቴንና ደቅሲሳ መንገድ ላይ አስቆመኝ ከሚለው ጀምሮ ያለውን ግን፣ በምታምኑት፣ ዝለሉልኝ።